ቢችዎርዝ ቤከሪ፦ ከሜልበርን ሦስት ሰዓት ቢነዳለት የማይቆጭ ፓይ

ከሜልበርን ተነስቶ በሂዩም ፍሪዌይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ለሚወጣ ሰው የሚበላ አይጠፋም፤ ማደያው ሁሉ በርገርና የተጠበሰ ድንች አለው። የአውስትራሊያ ገጠር ከተሞች ሙያ የሚታየው ግን በዳቦ ቤታቸው ነው። በዚህ መስመር ላይ አንድ ቦታ ብቻ መቆም ለሚችል ቢችዎርዝ ከተማ ያለውን ዳቦ ቤት፣ ቢችዎርዝ ቤከሪን ይምረጥ። ከሜልበርን 280 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዋንጋራታ ከተማ በኋላ ፍሪዌዩን ለቆ ወደ ኮረብታው የሚወጣው መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ ልጆች የሚያቅለሸልሻቸው ከሆነ ቀስ ብሎ መንዳት ነው።

የቤቱ መታወቂያ ኔድ ኬሊ ፓይ ነው፦ የበሬ ሥጋ ፓይ (በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የሥጋ ወጥ)፣ ላዩ ላይ እንቁላል፣ ቤከንና አይብ። ስሙን ያገኘው ከሽፍታው ከኔድ ኬሊ ነው፤ 1880 ላይ ግሌንሮዋን ውስጥ ተከቦ ከተያዘ በኋላ እዚሁ ቢችዎርዝ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ቤከኑ የአሳማ ሥጋ ነውና አሳማ ለማይበላው ለአብዛኛው የአገራችን ሰው ይህኛው አይሆንም። ተራውን የበሬ ሥጋ ፓይ ማዘዝ ነው፤ የዳቦ ጋጋሪው ችሎታም የሚለየው በዚያ ነው። ሙስሊም ተጓዥ ሥጋው ሐላል መሆኑን ሳይጠይቅ አይዘዝ። ለጾመኛም ነገሩ ቀላል አይደለም። የአትክልት ፓስቲ (አትክልት በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረበት) የጾም ቢመስልም በዚህ አገር ሊጡ ብዙ ጊዜ በቅቤ ወይም በሞራ ይለወሳል፣ ላዩም እንዲያበራ እንቁላል ይቀባል። ረቡዕና ዓርብ የሚጓዝ ጾመኛ ምሳውን ከቤት ቢይዝ ይሻለዋል።

ፓይ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ከታች ነው። ከከረጢቱ አውጥቶ መቀመጫውን ማየት፦ ወርቃማና ደረቅ ከሆነ፣ ሲነሳም ካልታጠፈ፣ በሚገባ በስሏል። ነጣ ብሎ ከረጠበ ወይ ወጡ ቀጥኗል፣ ወይ ማሞቂያው ውስጥ ብዙ ቆይቷል። ትኩስ ምግብ ቢያንስ 60 ዲግሪ ላይ መቆየት ስላለበት ፓዩ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ በቆየ ቁጥር የታችኛው ሊጥ የወጡን ፈሳሽ እየጠጣ ይለሰልሳል። ስለዚህ ከምሳ ሰዓት በፊት መድረስ ትልቅ ልዩነት አለው። ሥጋውንም ማየት ነው። የአገሩ የምግብ ደንብ ከፓዩ ክብደት ቢያንስ 25 በመቶው ሥጋ እንዲሆን ብቻ ነው የሚያስገድደው፤ በ200 ግራም ፓይ ውስጥ 50 ግራም ሥጋ በቂ ነው ማለት ነው። በጥርስ የሚያዝ ቁራጭ ሥጋ ያለበት ፓይ ሲገኝ ጋጋሪው አልቆጠበም።

ሹካና ቢላዋ አያስፈልግም። ከረጢቱን ግማሽ ድረስ ገልብጦ ፓዩን ቀጥ አድርጎ መያዝና መጀመሪያ ጠርዙን ትንሽ ነክሶ እንፋሎቱን ማስወጣት። መሃሉን ቀድሞ የነከሰ ምላሱን ይቃጠላል፤ ወጡም በክንዱ ላይ ይወርዳል። የቲማቲም ሶስ በትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ ይሸጣል፤ መሃሉን አጥፎ ሲጫኑት በስንጥቁ ይወጣል። ሶሱ የፓዩ ክዳን ላይ ከሚፈስ ከተነከሰው ቦታ ወደ ውስጥ ቢገባ ሊጡ አይረጥብም።

ከጣፋጩ ቢ ስቲንግ አይታለፍ፦ በእርሾ የተነሳ ለስላሳ ዳቦ፣ ውስጡ ካስተርድ (ከወተትና ከእንቁላል የሚሠራ ወፍራም ክሬም)፣ ላዩ በማር የተጋገረ አልሞንድ። አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። በሙቀት ቀን መኪና ውስጥ ካስተርዱ ስለሚበላሽ በረዶ ያለው ሳጥን ከሌለ እዚያው መብላት ነው። ፎቁ ላይ ያለው በረንዳ ለዚህ ይመቻል፤ በትምህርት ቤት ዕረፍትና በረዥም ቅዳሜና እሁድ ግን ቦታ ለማግኘት በጠዋት መድረስ ያስፈልጋል።

ቡና ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ማኪያቶ ብሎ ያዘዘ ሰው ወተት ጠብ ያለበት መራራ ኤስፕሬሶ ነው የሚቀርብለት። የአዲስ አበባውን ማኪያቶ የሚፈልግ ፒኮሎ ይበል፤ በትንሽ ብርጭቆ፣ አንድ ሾት ከሞቀ ወተት ጋር ይመጣለታል። ወተት ማብዛት የሚወድ ፍላት ዋይት ይጠጣ።

በዚሁ መስመር ያሉ የትናንሽ ከተሞች ዳቦ ቤቶች ብዙዎቹ ከቀትር በኋላ ቀደም ብለው ይዘጋሉ፤ የመጠጥ ቤቶቹም ወጥ ቤት በምሳና በእራት መካከል ብዙ ጊዜ አያበስልም። በዚያ ሰዓት ርቦት ዩሮዋ ወይም ቤናላ የደረሰ ሰው ወደ ማደያው በርገር መመለሱ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ከቢችዎርዝ ሳይነሱ በልቶ፣ ለቤት ደግሞ ቀዝቃዛ ፓይ ማስጠቅለል ነው። ቤት ሲደርሱ ማይክሮዌቭ ውስጥ አይግባ፤ እንፋሎቱ ሊጡን ያላሽቀዋል። በ180 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ መሃሉ እስኪፋጅ መሞቅ አለበት፤ ክዳኑ ቀድሞ ከጠቆረ በፎይል መሸፈን።