ሽቅብና ቁልቁል የማይለይ አፕ
ለ12 ቀን የወንዝ ጉዞ ማቀጃ ብዬ የገዛሁት የስልክ አፕ ነው፤ ስሙን ልተወው። ካርታው ጥርት ያለ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ይህን አልክድም። ጉዱ ስሌቱ ላይ ነው። ትንሿ ጀልባዬ በረጋ ውሃ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ወንዙ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ከፈሰሰ ቁልቁል 14፣ ሽቅብ 6 ብቻ መሆኑ ነው። አፑ ግን ለሁለቱም 10 ብሎ ቁጭ! የውሃውን ፍጥነት ማስገቢያ እንኳን የለውም። 60 ኪሎ ሜትር ሽቅብ በ6 ሰዓት ትደርሳለህ ሲለኝ አምኜው ወጣሁ፤ 10 ሰዓት ፈጀብኝ። መልህቅ የጣልኩት የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ ነው። ነዳጅ ያላለቀብኝ በድሮ ልማዴ ነው፤ ሲሶ ለመሄጃ፣ ሲሶ ለመመለሻ፣ ሲሶ ለክፉ ቀን። ካርታውን አሁንም አያለሁ፤ ሰዓቱን ግን በእርሳስ ራሴ አሰላለሁ። ከ5 ኮከብ 2።