የጁን ሌሊት፦ ሊዝበን ወይስ ፖርቶ?

የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን የቅዱስ አንቶኒዮን ዋዜማ የምታከብረው ጁን 12 ማታ ነው። የአሮጌው ሰፈር የአልፋማ ጠባብ መንገዶች በሰርዲን ጭስ ይታፈናሉ። የተጠበሰው ዓሣ ዳቦ ላይ ተደርጎ በእጅ ይበላል። የየሰፈሩ ቡድኖችም አጊጠው በአቬኒዳ ዳ ሊበርዳዴ ጎዳና እየጨፈሩ ይወዳደራሉ። ያምራል፤ ግን ሰልፉን ቆመህ ታያለህ እንጂ አትገባበትም።

የዚያው አገር ከተማ ፖርቶ ግን ሌላ ነው። ጁን 23 ማታ፣ በመጥምቁ ዮሐንስ ዋዜማ፣ የማታውቀው ሰው በፕላስቲክ መዶሻ አናትህን ኳ ያደርግሃል። ሽማግሌ የለ፣ ሕፃን የለ፣ ማንም አይቀርለትም። መኮሳተር አያዋጣም፤ መልሰህ መምታት ነው። ከመዶሻው በፊት ሰዉ የሚመታታው አገዳው ረጅም በሆነ የነጭ ሽንኩርት አበባ ነበር፤ ዛሬም ይዘውት የሚወጡ አሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ዶውሮ ወንዝ ላይ ርችት ይተኮሳል። ሰርዲኑ እዚያም አይጠፋም። እኔን ካላችሁኝ ፖርቶ! መዶሻው መንገድ ላይ ይሸጣል።