ለቱቦ የብሎኬት ግድግዳ መብሳት፦ በመሮ ወይስ በድሪል?

አዳማ ውስጥ ብዙ መኖሪያ ቤቶች የሚሠሩት ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት በመሆኑ፣ 110 ሚሊሜትር ስፋት ላለው የመጸዳጃ ቱቦ ግድግዳ የሚበሳ ሰው መዶሻና መሮን ወይም ክብ የአልማዝ መቁረጫ የተገጠመለትን ድሪል መምረጥ ይኖርበታል። መሮ ርካሽና ኤሌክትሪክ የማይፈልግ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የብሎኬቱ ፊት ስስ ስለሆነ ምቱ ከተፈለገው መስመር አልፎ ሊሰነጥቀው፣ ልስኑንም ይዞት ሊወርድ ይችላል፤ በዚህም የተነሳ በሲሚንቶ የሚደፈነው ክፍተት ይበዛል። በክቡ ዙሪያ ትንንሽ ቀዳዳዎችን አስቀድሞ መደርደር ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ያኔም ቢሆን ድሪል መፈለጉ አልቀረም።

የአልማዙ መቁረጫ ንጹሕ ክብ ያወጣል። ድሪሉ ሳይመታ በመሽከርከር ብቻ መሥራት አለበት፤ መሃሉ በቀጭን ጫፍ እስከ ወዲያኛው ወገን ከተበሳ በኋላ ከሁለቱም በኩል ቢቆረጥ የውጩ ልስን እንዳይፈነዳ ይረዳል። መቁረጫው ድንገት ሲነክስ ማሽኑ የእጅ አንጓን ስለሚጠመዝዝ፣ ክላች (መቁረጫው ሲነክስ ማሽከርከሩን የሚያቋርጥ ክፍል) የሌለውን መከራየት አይመከርም። አቧራው በሁለቱም ዘዴ ጭምብል ያስፈልገዋል። ለአንድ ቀዳዳ ብሎ መቁረጫ መግዛት አያዋጣም፤ ኪራይ ከተገኘ ግን ድሪሉን እመርጣለሁ። ቦታው ብረት ያለበት ምሰሶ ወይም ቢም (አግድም ተሸካሚ) ከሆነ፣ መሐንዲስ ሳያየው በየትኛውም መሣሪያ መነካት የለበትም።