«150 ኪሎ ይችላል» የተባለው ወንበር እናቴን ጣላት፦ ከመግዛታችሁ በፊት መቆለፊያውን እዩ

በእኛ ቤት የደረሰው በሌላ ቤት እንዳይደርስ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ረዘም ይላል። ግን የሚታጠፍና ወደ ኋላ የሚዘረጋ ወንበር ልትገዙ ያሰባችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ቤታችሁ ያለ ደግሞ ዛሬውኑ ገልብጣችሁ እዩት።

ወንበሩን ታውቁታላችሁ። ሸራው በላስቲክ ገመድ ከብረቱ ጋር ተወጥሮ የታሰረ ነው። ስትደገፉበት ጀርባ ዝቅ፣ እግር ከፍ ይላል። ቴሌግራም ላይ «ዜሮ ግራቪቲ» (ክብደት አልባ እንደ ማለት ነው) እያሉ ይሸጡታል። እኛም ከአንድ የቴሌግራም ሱቅ በ14,500 ብር ገዛን። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ «150 ኪሎ ይችላል» ይላል።

የገዛነው ለእናቴ ነበር። ከሰዓት ላይ እግሯ ያብጣል። ሐኪሟ እግሯን ከፍ አድርጋ እንድታርፍ መክሯታል። ጊዜው ጥር ነበር። ምሳ በልታ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ጋደም ትልበት ጀመር። እንዴት ደስ ብሏት ነበር! ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ልጆቼ ገዙልኝ» እያለች ታሳይ ነበር።

በ9ኛው ቀን «ይሄ ነገር ይንሸራተታል» አለችኝ። ሄጄ ሞከርኩት። እውነቷን ነው። ጥብቅ አድርጌ ቆልፌው ስደገፍ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ለሻጩ ደወልኩ። «አዲስ ስለሆነ ነው እኮ። ትንሽ ዘይት ቀባ አድርጉበትና በደንብ አጥብቁት፤ ይስተካከላል» አለኝ። በትህትና ነበር ያናገረኝ። አመንኩት። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አደረግንበት። ወንድሜም ባለ በሌለ ጉልበቱ አጠበቀው።

በ22ኛው ቀን የቀኙ መቆለፊያ ለቀቀ። የግራው ያዘ። ወንበሩ ተጣመመና እናቴን ወደ ጎን ጣላት። ጭንቅላቷ የበረንዳውን ሴራሚክ መታው። ስትወድቅ የእጅ መደገፊያውን ለመያዝ ሞክራ የመሐል ጣቷ በሁለት ብረቶች መካከል ተቀረቀረ። ጥፍሯ ጠቁሮ በኋላ ወለቀ። ጭንቅላቷን ተመርምራ ደህና ነች ተባልን፤ ተመስገን። ግን 68 ዓመቷ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የትም ቤት ስትሄድ፣ ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን በእጇ ወዝወዝ አድርጋ ትሞክራለች። ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል።

ሻጩ «የአጠቃቀም ችግር ነው» አለኝ። «ደግሞም የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ጨመረ። የጣቷን ፎቶ ስልክለት ብሎክ አደረገኝ።

ጎረቤታችን በያጅ ነው። ወንበሩን ወስጄለት አብረን ፈታነው። ያየነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ከእጅ መደገፊያው ሥር፣ በግራም በቀኝም፣ አንዳንድ ቀጭን የብረት ሐዲድ አለ። ስትደገፉ የወንበሩ አካል በዚህ ሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። የፈለጋችሁት ቦታ ሲደርስ በእጅ የሚዞረውን ማጥበቂያ ትጠመዝዛላችሁ። ማጥበቂያው ውስጥ ያለው ቁራጭ ሐዲዱን ይጫነዋል። በቃ፣ መቆለፊያ የተባለው ይኸው ነው። ጥርስ የለም። ቀዳዳ የለም። ገብቶ የሚይዝ ነገር የለም። ሰው ያህል ክብደት የሚያዘው ሁለት ነገሮች ተጫጭነው በመፋተጋቸው ብቻ ነው። ሞርሳን፣ ማለትም በያጅ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝበትን መሣሪያ፣ በእጅ አጥብቆ ሰው እንደ ማስተኛት ነው።

ያ የሚጫነው ቁራጭ ፕላስቲክ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ፊቱ ተፍቆ እንደ ሳሙና ልሟል። ሐዲዱ ደግሞ ስስ ነው። ጎረቤቴ በካሊፐር ሲለካው 0.8 ሚሊ ሜትር ሆነ። ወንድሜ ያጠበቀበት ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ለካ እኛ ባጠበቅን ቁጥር የሚያዘው ብረት ይሸሽ ነበር። ዘይቱን ሲያይ ጎረቤቴ ራሱን ነቀነቀ። «የመኪና ፍሬን ሸራ ዘይት ትቀቢያለሽ ወይ? በሉ ያላችሁ ማን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በመፋተግ የሚይዝን ነገር ዘይት ከቀባችሁት የሚይዝበትን አሳጣችሁት ማለት ነው። ወንበር ነጋዴ ይህን ማወቅ ነበረበት።

ሌላም ነገር ልብ አልኩ። በዚህ ዓይነት ወንበር ላይ መቆለፊያው የሚይዘው የሚቀመጠው ሰው ባጠበቀው ልክ ነው። የእጅ አቅም ያለው ጎረምሳ አጥብቆ ይቆልፈዋል። ጣቷን ቁርጥማት የሚያማት እናትስ? ወንበሩ የሚሸጠው «ለአረጋውያን ምቹ» ተብሎ ነው። መቆለፊያው ግን የጎረምሳ ጉልበት ይፈልጋል።

«150 ኪሎስ?» ትሉኝ ይሆናል። እናቴ 71 ኪሎ ናት። ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ ክብደታችሁ በእግሮቹ ብረት በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ስትዘረጉ ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሽና መቆለፊያው ይሸከመዋል። ደግሞ ሰው እንደ ጤፍ ጆንያ ተቀምጦ አይቀርም። ዘፍ ብለን እንቀመጣለን። እንገላበጣለን። ለመነሳት መደገፊያውን እንገፋለን። ያ ሁሉ ግፊት መቆለፊያው ላይ ያርፋል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ስለ የትኛው አቀማመጥ እንደሚያወራ፣ ማን እንደለካው፣ ምንም አይልም። ለውጭ ወንበርና ጠረጴዛ ኢኤን 581 የሚባል የአውሮፓ የደህንነት ደረጃ አለ። ጥንካሬን ብቻ ሳይሆን ጣት የሚቀረቅሩ ቦታዎችንም ይመለከታል። የእኛን ካርቶን አገላብጬ ፈለግኩ። የዚህም ሆነ የሌላ ደረጃ ምልክት የለበትም። የአምራቹ ስም እንኳ የለም።

ማስታወቂያው ላይ የጠፈርተኛ ስዕልም ነበር፤ «የናሳ ቴክኖሎጂ» ይላል። ስለ አቀማመጡ የሚባለው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ1974 ስካይላብ በተባለው የጠፈር ጣቢያ የነበሩ ጠፈርተኞች ክብደት አልባ ሆነው ሰውነታቸው ዘና ሲል የሚይዘው ቅርጽ ተጠንቷል። ወገብና ጭን የሚፈጥሩት ማዕዘን ወደ 128 ዲግሪ ይጠጋል። ወንበሩ ይህን ቅርጽ ለመምሰል ይሞክራል። ነገር ግን ጠፈር ላይ የሚወድቅ ሰው የለም። በረንዳ ላይ ግን አለ። የናሳ ስም ስለ መቆለፊያው አንድም ነገር አይነግራችሁም።

አሁን ገበያ ላይ ስላሉት የመቆለፊያ ዓይነቶች ልንገራችሁ። ሱቅ ስትገቡ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

በጣም የምወደው የጥንቱ ነው፤ ባለ ጥርሱ። ከጀርባው ኋላ ያለው ዘንግ በእንጨት ወይም በብረት ላይ በተቆረጡ ጥርሶች ውስጥ ይገባል። ዘንጉ ጥርሱ ውስጥ ከገባ ክብደታችሁ ራሱ ወደ ታች ይጫነዋል። የሚያልቅ ፕላስቲክ የለም፤ ጉልበትም አይፈልግም። እዚሁ ያለ አናጢ ሊሠራላችሁ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ዘንጉ በግራም በቀኝም እኩል ጥርስ ላይ መግባቱን እዩ። አንዱ ጎን ሦስተኛ ጥርስ ላይ፣ ሌላው አራተኛው ላይ ከሆነ ወንበሩ ተጣሞ ነው የቆመው። ጥርሱ ጥልቀት ከሌለውም ስትወዛወዙ ዘንጉ ዘሎ ይወጣል።

ሁለተኛው «ቀጭ ቀጭ» እያለ የሚቆለፈው ነው። ማጠፊያው ውስጥ የጥርስ መዘውርና ሞላ አለው። ስታነሱት በየጥርሱ ይይዛል፤ እስከ መጨረሻ ስታነሱት ይለቅና እንደገና ወደ ታች ይወርዳል። መዘውሩ ብረት ከሆነ ጥሩ ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ተዉት።

ሦስተኛው በእጅ የሚሳብ ምላስ ያለው ነው፤ በተሻሉት ዜሮ ግራቪቲዎች ላይ ይገኛል። ምላሱን ስትለቁት አንድ የላሜራ ቁራጭ በሞላ ኃይል ጋደል ብሎ ሐዲዱን ይነክሰዋል። ይሄም በመፋተግ ነው የሚይዘው። ልዩነቱ ክብደት በጨመረ ቁጥር የበለጠ መንከሱ ነው። በእናንተ የእጅ ጉልበት ላይም አይመካም። የሚነክሰው ቁራጭ ብረት መሆኑን ግን በስልካችሁ መብራት አብርታችሁ ተመልከቱ።

አራተኛው የእኛው ነው፤ በሚዞር ማጥበቂያ የሚያዘው። እኔ ይህን ለአረጋዊ፣ ለነፍሰ ጡር ወይም ወገቡን ለሚያመው ሰው በነጻ ቢሰጡኝ አልወስድም።

ፕላስቲኩ ላይ ይህን ያህል የምጨቀጭቀው በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ፕላስቲክን የሚያደርቀውና የሚያሰነጥቀው እሱ ነው። ግቢ ውስጥ የተውነው የፕላስቲክ ባልዲ በሁለት በጋ እንዴት እንደሚሰባበር ታውቃላችሁ። የወንበሩ መቆለፊያም እዚያው ፀሐይ ላይ ነው የሚውለው። የላስቲክ ገመዱም እንደዚያው። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ዝናቡ ቀለሙ በተፋቀበት በኩል ሐዲዱን ያዝገዋል። ስለዚህ ወንበሩን ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ጥላ ውስጥ አስገቡት።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ትሞክሩታላችሁ? መጀመሪያ ነገር፣ በፎቶ አትግዙ። «ቤት ድረስ እናመጣለን» ካሉም አምጪው ቆሞ ይጠብቃችሁ፤ ሳትሞክሩ ብር አትላኩ። በቤታችሁ ካለው ሰው ከባዱ ይቀመጥበት። ግማሽ ድረስ ዘርግቶ ይቆልፈው። ሐዲዱ ላይ መቆለፊያው ያለበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ሰውየው 10 ደቂቃ ይተኛበት፤ ዝም ብሎ ሳይሆን እየተገላበጠ፣ እየተነሳ እየተቀመጠ። ከዚያ ምልክቱን እዩ። ትንሽም ቢሆን ከሸሸ መልሱት። ዛሬ አንድ ሴንቲ ሜትር የሸሸ ነገር ፕላስቲኩ ሲያልቅ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ስትሞክሩ ግን ከኋላ ፍራሽ ወይም ትራስ አድርጉ።

ጣትንም አትርሱ፤ በተለይ ልጆች ያሉበት ቤት። ወንበሩ ሲዘረጋና ሲታጠፍ እንደ መቀስ የሚገጣጠሙ ብረቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2009 ማክላረን የተባለው የሕፃናት ጋሪ አምራች አሜሪካ ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ የተሸጡ ጋሪዎቹን ለደህንነት ሲል መልሶ እንዲጠራ ያደረገው እንዲህ ያለ ማጠፊያ ነው። 12 ልጆች የጣታቸው ጫፍ በማጠፊያው ተቆርጦ ነበር። የወንበሩ ማጠፊያም በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው፤ የሚዘጋው ደግሞ በትልቅ ሰው ክብደት ነው። ልጅ አጠገብ ሳለ አትዘርጉት፣ አትጠፉትም።

አሁን በጣም ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አዋጅ አለን። የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ትችላላችሁ። እኛ ችግሩን ያየነው በ9ኛው ቀን ነበር። ስድስት ቀን ይቀረን ነበር። «ዘይት ቀባ አድርጉበት» የሚለው ምክር እነዚያን ስድስት ቀናት በላብን። ሆን ብሎ ይሁን ባለማወቅ፣ ውጤቱ ያው ነው። እናንተ እንደ እኔ እንዳትሆኑ። ዕቃው ጉድለት ካሳየ «ቆይ እስቲ ይስተካከል ይሆናል» አትበሉ። በዚያው ቀን በጽሁፍ አሳውቁ፤ በቴሌግራምም ቢሆን። ከዚያም የንግግሩን ስክሪንሾት ወዲያው አንሱ፤ ብሎክ ካደረጓችሁ በኋላ ሁሉንም ላታገኙት ትችላላችሁ። ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ። እኛ «ያለ ደረሰኝ ይቀንስላችኋል» ሲለን 700 ብር ለማትረፍ ብለን ተስማማን። የወረዳችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ስሄድ መጀመሪያ የተጠየቅኩት ደረሰኝ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ወንበር ቤታችሁ ካለና መጣል ካልቻላችሁ፣ ጎረቤቴ ያሳየኝን ልንገራችሁ። ግማሽ ላይ ቆልፋችሁ አትተኙበት። እስከ መጨረሻው ዘርጉት፤ እዚያ ላይ ክብደቱን የሚይዘው መቆለፊያው ሳይሆን የሐዲዱ መጨረሻ ነው። ግማሽ ላይ ማቆም የግድ ከሆነ፣ በካቻቪቴ የሚጠብቀውን ክብ የውሃ ጎማ ማሰሪያ ብረት ከመቆለፊያው ኋላ ሐዲዱ ላይ በሁለቱም ጎን እሰሩ። መቆለፊያው ቢንሸራተት እንኳ እሱ ጋ ደርሶ ይቆማል። ሐዲዱን በትሬፓኖ ልብሳ የሚላችሁን ግን እንቢ በሉ፤ ስስ ብረት ከተበሳ እዚያው ላይ ይሰበራል። ዘይት ከነካው ደግሞ በቤንዚን ጨርቅ በደንብ ጠርጉት፤ ሜዳ ላይ፣ ከእሳት ርቃችሁ።

የእኛው ወንበር አሁን ጎረቤታችን ጋራዥ ውስጥ ተፈትቶ ተቀምጧል። ለእናቴ አንድ አናጢ ባለ አራት ጥርስ የዋንዛ ወንበር እየሠራላት ነው። ቅዳሜ ይደርሳል ብሏል። የቴሌግራሙ ማስታወቂያ ግን በሌላ ስልክ ገብቼ ሳየው ዛሬም አለ። ያው ፎቶ፣ ያው «150 ኪሎ»። ዋጋው 1,000 ብር ቀንሷል።