ማኅተም የተደረበባቸው የቻይና ቴምብሮች ላሏችሁ ሰብሳቢዎች፦ ምስጋናና ጥቆማ

ቴምብር የምትሰበስቡ ወገኖቼ፣ በተለይም በላያቸው ላይ ጽሑፍ የተመታባቸው የቻይና ቴምብሮች ኖሯችሁ ምንነታቸውን የሚነግራችሁ ሰው ያጣችሁ፣ እዚህ ለንደን የሚኖሩ አንዲት ቻይናዊት እናት አሉና በሙሉ ልብ እጠቁማችኋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማርና፣ መሰብሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1901 ወዲህ ጽሑፍ በተመታባቸው የዳግማዊ ምኒልክ ቴምብሮች ስለነበር፣ የየትኛውም አገር ይሁን፣ ማኅተም የተደረበበት ቴምብር ካየ አያልፍም ነበር። ትቶልን ከሄደው አልበም ገሚሱ የማንቹኩዎ ቴምብር ነው። ጃፓን በሰሜን ምሥራቅ ቻይና እ.ኤ.አ. በ1932 ያቋቋመችው ይህ መንግሥት በ1945 ሲፈርስ፣ በየከተማው የነበሩ ፖስታ ቤቶች በእጃቸው የቀረውን ቴምብር ከመጣል ይልቅ «የቻይና ሪፐብሊክ» የሚል ጽሑፍ እየመቱበት ይሸጡት ነበር። ማኅተሙን ብዙዎቹ በየአካባቢያቸው ስላስቀረጹ የፊደሉ ቅርጽም ሆነ ቀለሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አስመሳዮች የበዙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን አልበም ይዤ ያልጠናሁት ደጅ የለም። አንዱ ነጋዴ ገጾቹን በወጉ ሳይገልጥ «ሁሉም የውሸት ነው» ካለኝ በኋላ፣ ያንኑ የውሸት ያለውን ጠቅልሎ በርካሽ ለመግዛት ይደራደረኝ ጀመር። ሌላው ክፍያውን በቅድሚያ ተቀብሎ ወራት ካቆየው በኋላ፣ የቻይና ቴምብር መሆኑን ብቻ የሚገልጽ ወረቀት ሰጠኝ፤ አንዱ ቴምብርም ጠርዙ ተቀዶ ተመለሰልኝ። የወንድሜን የዕድሜ ልክ ልፋት እንዲያ ሲያቃልሉት ማየት አንገብግቦኛል።

እኚህ እናት ግን እያንዳንዷን ቴምብር በወረንጦ እያነሱ በአጉሊ መነጽር መረመሩልኝ። በአንዷ ላይ የተደረበው ጽሑፍ ቀለም ከፖስታ ቤቱ የቀን ማኅተም በላይ ማረፉን አሳይተውኝ፣ «ደብዳቤው ሲላክ ይህ ጽሑፍ የት ነበር?» ብለው ወደ ጎን አደረጓት። ቀጥሎ የማንቹኩዎ ንጉሠ ነገሥት የነበረው የፑ ዪ ምስል ያለባቸው ሁለት ቴምብሮች የተለጠፉበት የፖስታ ቁራጭ አገኙ። ሌሎቹ «ውኃ ውስጥ ነክረህ አላቅቃቸው» ይሉኝ የነበረውን፣ እሳቸው እጃቸውን ጋርደውበት «እንዳትነካው ልጄ፤ የከተማው ስም ግማሹ በቴምብሩ፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ ነው» አሉኝ። ከዚያም የደበዘዙትን ፊደላት አንድ በአንድ በእርሳስ ገልብጠው፣ ማኅተሙ የተመታበትን ከተማ በካርታ ላይ አሳዩኝ። ስለ ቀለሙና ስለ ወረቀቱ የነገሩኝን ብዙ ነገር ለባለሙያ እተወዋለሁ፤ እኔ የማውቀው ወንድሜ ይዞት የኖረው ነገር በመጨረሻ የሚያከብረው ሰው ማግኘቱን ነው።

እውነተኛውን እውነተኛ፣ ሐሰተኛውን ሐሰተኛ ብለው ለይተው ሰጡኝ፤ ሐሰተኛ ለሆኑት ደግሞ ክፍያ አልቀበልም አሉ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

እባካችሁ፣ አልበማችሁን ለማንም ከመሸጣችሁ በፊት እኚህን እናት አማክሩ። አድራሻቸውን እንድሰጥ ስለፈቀዱልኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱም በፖስታ ላይ የተለጠፈ ካላችሁ ሳትቆርጡና ሳታላቅቁ እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ።