ፓምፕ ከመግዛቱ በፊት ገመድ ላወረደው ባለሙያ

ሱሉልታ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ፓምፕና ፕሬሸር ታንክ (ውሃውን በንፋስ ግፊት ወደ ቤት የሚገፋ ታንከር) የገጠመው ወንድማችን ሥራውን ጨርሶ አስረክቧል፤ እጁ ይባረክ። ስልኩን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቅ። ሥራውን ዘርዘር አድርገን የጻፍነው ሌላ ባለሙያ የምታመጡም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

የመጀመሪያ ቀን መፍቻ አላወጣም። ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ አውርዶ የጉድጓዱ ጥልቀት 18 ሜትር፣ ውሃው የሚጀምረው ደግሞ 11 ሜትር ላይ መሆኑን ለካ። ወርዱ 1 ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ሜትር 785 ሊትር ይይዛል። በተዋሰው ፓምፕ ውሃውን 2 ሜትር ዝቅ አደረገና አጥፍቶ ሰዓት ያዘ። ወደ ቦታው እስኪመለስ 2 ሰዓት ፈጀ። ስለዚህ ጉድጓዱ የሚያመነጨው በደቂቃ 13 ሊትር ገደማ ነው። ሱቅ ውስጥ «ለጂ ፕላስ ዋን 1.5 የፈረስ ጉልበት ውሰዱ» ተብሎ ነበር፤ ያ ቢገባ ጉድጓዱን ቶሎ ቶሎ እያደረቀ ራሱን ያቃጥል ነበር። ልኬቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቢሆን ይመረጣል። መስከረም ላይ የተለካ ጉድጓድ ያታልላል።

ከላይ የሚቀመጠውን ርካሽ ፓምፕ ለምን እንዳልመረጠም መነገር አለበት፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው «8 ሜትር ይስባል» ለባሕር ጠረፍ ነው። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ምንም ዓይነት ፓምፕ ቢሆን ከ7.7 ሜትር በላይ መሳብ አይችልም፤ በቱቦ ውስጥ የሚባክነው ተቀንሶ በተግባር የሚገኘው 5 ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ውሃው 11 ሜትር ላይ ከሆነ ውሃ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ፓምፑ ውሃውን ስንት ሜትር ከፍ ማድረግ እንዳለበት ስሌቱን ወረቀት ላይ ጽፎ አሳየ፦ ውሃው በጣም ሲወርድ 16 ሜትር፣ ታንኩ ላይ 2.8 ባር ግፊት ለማግኘት 28 ሜትር (1 ባር 10 ሜትር ያህል ነው)፣ ለቱቦና ለመገጣጠሚያ 4 ሜትር፣ በድምሩ 48 ሜትር። ላይኛው ፎቅ በ2.8 ባሩ ውስጥ ስለተካተተ ሌላ አይደመርም። በ50 ሜትር 30 ሊትር በደቂቃ የሚሰጥ 0.75 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ በቃ።

ፓምፑን ከታች 1.5 ሜትር አርቆ በናይለን ገመድ ሰቀለው፤ በኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰቅል ሰው ካያችሁ አስቁሙት። በዙሪያው ደግሞ 125 ሚሊ የፒቪሲ ቱቦ አለበሰው። ላዩ ከውሃ መግቢያው በላይ የተዘጋ፣ ታቹ ክፍት ነው። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው ሞተሩን እያጠበ ስለሚያልፍ ያቀዘቅዘዋል፤ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ግን ውሃው ከጎን ገብቶ ሞተሩ በቆመ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል። ይህን ቱቦ ሳይጠየቅ የሚያስገባ ገጣሚ ብዙ አይገኝም።

ታንኩ 100 ሊትር ነው፤ ግፊቱን እያየ ፓምፑን የሚያዘው ስዊች 1.4 ባር ላይ ያስነሳል፣ 2.8 ላይ ያጠፋል። ከ100 ሊትሩ በአንድ ዙር የሚወጣው 33 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ፓምፑ ያንን ለመመለስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይሠራል፣ መሥራት ያለበትም እንዲሁ ነው። ባለ 24 ሊትሯ ብትገጠም 16 ሰከንድ ያህል ብቻ እየሠራ ቶሎ ቶሎ ይነሳና ይጠፋ ነበር፤ ካፓሲተር (ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳውን ዕቃ) የሚፈጀው ይሄ ነው። ታንኩ ባዶውን ሳለ ንፋሱን በጎማ መለኪያ ለክቶ 1.2 ላይ አቆመው፤ ከማስነሻው 0.2 ባር ዝቅ ማለት ነው። ንፋሱ ከማስነሻው ከበለጠ ሻወሩ ለአፍታ ጭር ይልና እንደገና ይመጣል። በየ6 ወሩ ፓምፑን አጥፍታችሁ፣ ውሃውን አፍስሳችሁ ለኩ፤ የጎደለውን የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ይሞላዋል። የንፋስ ቫልቩ ሲነካ ውሃ ከተፋ ታንኩ ውስጥ ውሃውን ከንፋሱ የሚለየው ላስቲክ ተቀዷል።

ስዊቹ ውስጥ ትልቁ ብሎን ማስነሻውንም ማጥፊያውንም አብሮ ያንቀሳቅሳል፣ ትንሹ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ይለውጣል። መብራት ሳይጠፋ ክዳኑን አትክፈቱ። በስዊቹና በታንኩ መካከልም ቫልቭ አይገባም።

ለኤሌክትሪኩ እስከ ፓምፑ ድረስ 2.5 ካሬ ገመድ ከነአርዱ፣ የ30 ሚሊ አምፒር ሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚያጠፋ)ና ውሃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አስገባ። የመጨረሻውን «ትርፍ ወጪ ነው» የሚሉ አሉ፤ በደቂቃ 13 ሊትር በሚሰጥ ጉድጓድ ላይ 30 ሊትር የሚስብ ፓምፕ ያለ እሱ አይገጠምም።

ማንም ውሃ ሳይከፍት ሌሊት ፓምፑ ከተነሳ ወደ ቤት የሚሄደውን ጌት ቫልቭ ዝጉ። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) መውረዱን ካልተወ ችግሩ ውሃው ወደ ጉድጓዱ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ወይም ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ቱቦ ነው። ከቆመ ቤት ውስጥ የሚያፈስ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሽንት ቤቱ ተንሳፋፊ ነው።

ሲጨርስ በጉድጓዱ ውስጥ ባለው በየ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨመረ፣ ሁሉም ቧንቧ ጋ እስኪሸት አስፈሰሰ፣ 12 ሰዓት አሳድሮ አጠበው። ይህ ቱቦውን ለማጽዳት ነው፤ ለመጠጥ ከሆነ ውሃው ላቦራቶሪ መታየት አለበት።

ቅሬታም አለ፦ ቀጠሮው አንድ ቀን ዘግይቷል፣ ሲሠራም ስልክ አያነሳም። የዕቃውን ደረሰኝ ግን ከእጅ ዋጋው ለይቶ ነው የሚያስረክበው፤ ልኬቱን የጻፈበትንም ወረቀት በፕላስቲክ አሽጎ ከስዊቹ አጠገብ ለጥፎት ሄዷል።