«ሙሉ የኦሜን ስብስብ» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ካርዳችሁን መልሱት

ኦክቶበር ሲገባ አሜሪካ ውስጥ የሆረር ፊልም ገበያ ይጦፋል። ሱቁም ኢንተርኔቱም የሃሎዊን ቅናሽ በቅናሽ ይሆናል። በዚህ ሰሞን ብቅ ከሚሉት አንዱ የ«ዘ ኦሜን» ስብስብ ነው። ማስታወቂያው የሰይጣን ልጅ ከሕፃንነቱ እስከ ሥልጣኑ ሲያድግ ታያላችሁ ይላል። «ሙሉ ስብስብ» የሚል ቃልም አለበት። እኔ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ በ40 ዶላር አካባቢ ገዛሁት። እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ልንገራችሁ።

ችግሩ ከመጀመሪያው ዲስክ ይጀምራል። ሰው «ኦሜን» ሲል የሚያስበው የ1976ቱን ነው። ሪቻርድ ዶነር ዳይሬክት ያደረገውን፣ ግሪጎሪ ፔክና ሊ ሬሚክ የሠሩበትን። ጄሪ ጎልድስሚዝ በሕይወቱ ያገኘውን ብቸኛ ኦስካር የወሰደው ለዚያ ፊልም ሙዚቃ ነው። ለእኔ የመጣልኝ ግን የ2006ቱ ቅጂ ነው፤ ለማስታወቂያ እንዲያመች ሆን ተብሎ በ6ኛው ወር፣ በ6ኛው ቀን የወጣው። ስሙ ያው፣ ታሪኩም ያው፣ ሽፋኑም ላይ ያው ልጅ አለ። ዓመቱ የተጻፈው ከጀርባ፣ በደቃቅ ፊደል ነው። ሻጩ የተለያዩ ዲስኮችን ራሱ አሰባስቦ እንደሸጠው ያኔ ገባኝ።

ዋናው ጉዳዬ ግን ክፍል ሁለት ነው። ሰውን የሚያስገዛው እሱ ነዋ። «ዳሚየን፦ ኦሜን 2» በ1978 የወጣ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ሲያልቅ የሰይጣን ልጅ የሆነው ዳሚየን የአምስት ዓመት ልጅ ነው። እዚህ ሰባት ዓመት አልፏል። ከሀብታም አጎቱ ጋር ቺካጎ ይኖራል፣ የሚማረው ወታደራዊ ትምህርት ቤት ነው። ማንነቱን ገና አያውቅም። እስቲ አስቡት! አንድ የአሥራ ሁለት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሐሳዊ መሲሕ መሆኑን ሲሰማ ምን ይሰማዋል? ይፈራል? ይኮራል? ይክዳል? ከዚህ የተሻለ የሆረር ሐሳብ ከየት ይመጣል? እኔም ብሬን ያወጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነበር።

ፊልሙ ለጥያቄው የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እነዚያ ደቂቃዎች ግን ግሩም ናቸው፣ አልዋሽም። የትምህርት ቤቱ ሳጅን ልጁን ጠርቶ የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13ን እንዲያነብ ይነግረዋል። (ሳጅኑ ላንስ ሄንሪክሰን ነው፣ ያኔ ገና ስሙ ያልገነነ።) ልጁ ያነባል። ስለ አውሬው ቁጥር የሚናገረው ቁጥር 18 ላይ ይደርሳል። ከዚያ ፀጉሩን ገልጦ ያንን የአውሬውን ቁጥር የራሱ ቆዳ ላይ ይፈልጋል፤ ያገኘዋልም። ሮጦ ወደ ሐይቁ ዳር ይሄድና «ለምን እኔ?» ብሎ ይጮኻል። ጆናታን ስኮት ቴይለር የሚባለው ልጅ እዚህ ጋ አንጀት ይበላል። ሁለተኛው ጥሩ ትዕይንት በበረዶ በተሸፈነ ጫካ ውስጥ ከአጎቱ ልጅ ከማርክ ጋር የሚነጋገርበት ነው። የሚወደውን ሰው ለምኖ ከጎኑ ሊያደርገው ይሞክራል። ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም።

የቀረው ምንድን ነው? የሞት ሰልፍ። ፊልሙ 107 ደቂቃ ነው፤ አብዛኛውም በአንድ ቅርጽ ይሄዳል። አንድ ሰው ልጁን ይጠረጥራል። ጥቁር ቁራ ይመጣል። የጎልድስሚዝ መዘምራን እንደ ቁራ ድምፅ ያሰማሉ። ሰውየው ይሞታል። ከዚያ ሌላ ሰው ይጠረጥራል። አንዷ ጋዜጠኛ ነች፣ ቁራው ዓይኗን ያጠቃታል። አንዱ የበረዶ ሆኪ ሲጫወት በረዶው ተሰንጥቆ ውሃ ውስጥ ይገባል። ይኼኛው በእውነት ያስፈራል፤ ከበረዶው ሥር ሆኖ ሲደበድብ ከላይ ያሉት እየሮጡ ይከተሉታል፣ ሊያወጡት ግን አይችሉም። አንዱ ሐኪም ደግሞ ሊፍት ውስጥ የሚሆነውን ምሳችሁን በልታችሁ አትዩት። አራተኛው ሞት ላይ ስትደርሱ ቁራው ገና ሳይመጣ ማን እንደሚሞት ታውቃላችሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ የት አለ? አብዛኛውን ጊዜ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል። ስሙ በሽፋኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ፣ በገዛ ፊልሙ ውስጥ እንግዳ ሆኗል።

ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያውን የጻፈው ዴቪድ ሴልትዘር ሁለተኛውን አልጻፈም። ዶነርም የለም። ቀረጻውን የጀመረው ዳይሬክተር ማይክ ሆጅስ መሃል ላይ ተነሥቶ ዶን ቴይለር ተተካ። ዊልያም ሆልደንና ሊ ግራንት ትልልቅ ተዋናዮች ናቸው፣ የተቻላቸውንም አድርገዋል። ገበያው ግን ያኔውኑ ፈርዶበታል። የመጀመሪያው አሜሪካ ውስጥ 60 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሲያስገባ፣ ሁለተኛው የዚያን ግማሽ አላገኘም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የሻጩ ማብራሪያ «በመጽሐፍ ቅዱስ ትንቢት ላይ የተመሠረተ» ይላል። የእኛ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡን ይሰጣል፤ አንዳንዱም ለትምህርት ይሆናል ብሎ ይገዛል። አይሆንም። የአውሬው ቁጥር 666 በእርግጥ ራእይ 13፥18 ላይ አለ። አውሬው ከባሕር እንደሚወጣም ምዕራፉ ሲጀምር ተጽፏል። በመጀመሪያው ፊልም ቄሱ የሚያነበንበው ግጥም ግን የትም መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ፈጠራ ነው። ሐሳዊ መሲሕን የሚገድሉት ሰባቱ የመጊዶ ጩቤዎችም ፈጠራ ናቸው። ክፍል ሁለት ላይ የዳሚየን ፊት በየዕድሜው ተሥሎበታል የተባለው የይጋኤል ግድግዳም እንደዚያው። ለፊልም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግድግዳው እንዲያውም ከቁራው ይሻላል። ግን ፊልም ነው። ስለ ራእይ ማወቅ የፈለገ ራእይን ይክፈት፣ ዋጋውም ይረክሳል።

ወላጆችም ልብ በሉ። ሽፋኑ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ስላለ ለልጅ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ «አር» ደረጃ የተሰጠው ነው፤ ከ17 ዓመት በታች ያለ ሰው ሲኒማ ቤት ያለ አዋቂ አይገባበትም። የዳሚየን እኩያ ልጅ ያላችሁ በተለይ።

የቀሩት ዲስኮች ብዙ አያወያዩም። ሦስተኛው የ1981ዱ ነው። ዳሚየን 32 ዓመት ሞልቶታል፣ የሚሠራውም ሳም ኒል ነው። ሰውየው ብቻውን ፊልሙን ይሸከመዋል። (የመጀመሪያው በ1976 ሲወጣ አምስት ዓመቱ የነበረ ልጅ በ1981 እንዴት 32 ሞላው አትበሉ። ዘመኑ እምብዛም ሳይለወጥ ልጁ ብቻ ነው የሚያድገው።) አራተኛው የ1991 የቴሌቪዥን ፊልም ሲሆን ስለ አንዲት ሕፃን ልጅ ነው። ዳሚየን ሲያድግ ለማየት የገዛ ሰው እሱን ምን ያደርግለታል? ከታሪኩ በፊት የሆነውን የሚተርከው የ2024ቱ ፊልም ደግሞ «ሙሉ» በተባለው ሳጥን ውስጥ ጭራሽ የለም።

ስለዚህ ማየት የፈለጋችሁ የ1976ቱን ለብቻው ተከራዩ። እሱን ከወደዳችሁት ክፍል ሁለትን በኋላ ጨምሩ፤ ኪራይ ጥቂት ዶላር ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዲቪዲ በነፃ ያውሳል፣ ካርድ ማውጣት ብቻ ነው። «ግዛ» የሚለውን ቁልፍ በኢንተርኔት ስትጫኑም የምትገዙት የማየት ፈቃድ እንጂ ፊልሙን አይደለም። ካሊፎርኒያ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ሻጮች ይህን በግልጽ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዳለች።

ዲስክ ገዝታችሁ ለዘመድ የምትልኩ ካላችሁ የሪጅን ቁጥሩን፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚሠራ የሚያሳየውን ቁጥር እዩ። የአሜሪካ ዲቪዲ ሪጅን 1 ነው። ዱባይና እስራኤል ሪጅን 2፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ሪጅን 5 ውስጥ ናቸው። ማጫወቻው ሁሉንም የሚቀበል ካልሆነ ዲስኩ አይከፈትም። የአማርኛ የጽሑፍ ትርጉምማ አይታሰብ።

የግድ ስብስቡን የምትሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ለሻጩ ጻፉለትና የእያንዳንዱን ፊልም ዓመትና ዳይሬክተር በጽሑፍ ጠይቁት። ሳጥኑ ሲመጣ ላስቲኩን ሳትቀዱ ጀርባውን አንብቡ፣ ፎቶም አንሱ። ብዙ ሻጮች የተከፈተ ዲስክ አይመልሱም። የእኔው ሻጭም የመለሰልኝ መልስ ይኸው ነው።